የሦስተኛው ድንጋይ ስም

ታምፔሬ፣ ፊንላንድ
ጥቅምት 7 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴና ለፊደል አባቴ ለመሪጌታ ወልደ ኪዳን፤ ላሊበላ።

የኔታ፣ ጉልበትዎን ስሜ እጅ ነሥቻለሁ። እኔ አምላክ ይመስገን ደኅና ነኝ፤ የዚህ አገር ብርድ ግን ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ አናት የወረደ ይመስላል። እቴቴ ይማርሽ እንዴት ናቸው? ልጃችሁ ምስክርስ? አባቴ ካረፈ ወዲህ አንድ ደብዳቤ ሳልጽፍ አራት ዓመት አለፈኝ። ስደውል መስመሩ አይይዝም፤ ሲይዝም «ደኅና ነን፣ ደኅና ነን» ተባብለን ይቋረጣል። አሁን እዚያ ኢንተርኔቱም ስለጠፋ በደብዳቤ መጣሁ። ወልድያ አብራኝ የተማረችው ኢክሪማ፣ የሾፌሩ የመሐመድኑር ልጅ፣ አዲስ አበባ ነው የምትኖረው። እኔ በስልክ የምልክላትን በወረቀት አትማ ለአባቷ ትሰጣለች፤ እርስዎ የሚጽፉትንም እሱ ሲያመጣላት ፎቶ አንሥታ ትልክልኛለች።

ስለ ሥራዬ ይጠይቁኝ ነበር፤ ሳላስረዳዎት ቀረሁ። የምሠራበት ድርጅት በኮምፒውተር የሚጫወቱት ጨዋታ ይሠራል። የልጆች ብቻ አይምሰልዎት፤ ባለትዳሩም ሐኪሙም ይጫወተዋል። ሰው ከሥራው ሲመለስ የሌለ አገር ውስጥ ይገባና ይዞራል፣ ይዋጋል፣ ይሸምታል። ያንን የሌለ አገር ከሚፈጥሩት አንዷ እኔ ነኝ። ስሙን ዘውራ ብለነዋል። ተራራ ሰጠነው፣ ወንዝ ሰጠነው። አሁን ደግሞ «ለሕዝቡ ሃይማኖት ፍጠሪለት» ተባልኩ።

አይቆጡኝ፤ ተረት ነው። ሃይማኖታቸው በሦስት ቁጥር ላይ እንዲቆም አሰብኩ። ለምን ሦስት እንዳልኩ አላውቅም፤ ከእርስዎ እግር ሥር ስላደግሁ ይሆናል። ሦስት በእኛ ዘንድ ምን ምን ነው? በቅኔውም፣ በዜማውም፣ በቤቱም ያለውን ይጻፉልኝ። ለእኔ ከማንም መጽሐፍ የእርስዎ ቃል ይበልጥብኛል።

ልጅዎ ማርያማዊት


ላሊበላ
ታኅሣሥ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ከወንድሜ ከደግሰው ለቀረሽኝ ለልጄ ለማርያማዊት፤

በገባሽበት የሚያወጣሽ፣ በወጣሽበት የሚመልስሽ አምላክ ካንቺ አይለይ። እኛ አለን። ደብዳቤሽ በሁለት ወሩ ደረሰኝ፤ መንገዱ ሲከፈት ሲዘጋ መሐመድኑር ወልድያ ከርሞ ነበር። አነበብሁት ብል ውሸት ነው። ዓይኔ ከጽሕፈት ጋር ከተጣላ ሰንብቷል፤ ይማርሽ አነበበችልኝ። የቄስ ልጅ ናት፣ ንባቡን ታውቀዋለች፤ ግን ደስ ያላትን ሁለቴ እየደገመች፣ ያላማራትን እየዘለለች ነው የምታነበው። ስለዚህ መነጽር ላኪልኝ። ሌላ ምንም አልሻም።

መጀመሪያ ተቆጥቼ ነበር። ሃይማኖት እንደ ሰፌድ አይሰፋም አልሁ። ይማርሽ ሳቀችብኝ። «አንቱ ደግሞ! በተረት ጅብም ይናገር የለም እንዴ? ማን ከጅብ ጋር ተጣልቶ ያውቃል?» አለችኝ። እውነቷን ነው።

እንግዲህ ስሚ። ለእኛ ሦስት የሚያሳርፍ ቁጥር ነው። ዜማችን ሦስት ነው፤ ግዕዝ፣ ዕዝል፣ አራራይ። ሦስቱም ካንድ ጉሮሮ ይወጣሉ። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጡ ሦስት ነው፤ በቅኔ ማኅሌቱ ዘማሪ ይቆማል፣ በቅድስቱ ቆራቢ ይገባል፣ መቅደሱን ግን ካህን ብቻ ነው የሚያየው። ጣሪያው ግን አንድ ነው። ከቅኔው ዘአምላኪየን ብትወስጂ ሦስት ቤት አለው፤ ሁለቱ ቤት ነገሩን ያከማቻል፣ ሦስተኛው ይፈታዋል። በየማጀታችን ያለው ጉልቻም ሦስት ነው፤ በሁለት ጉልቻ ድስት አይቆምም።

ይህን ግን አስተውዪ። የእኛ ሦስት የሚያሳርፈን አንድ ስለሆነ ነው። አንድነት የሌለው ሦስት ያስፈራል። ሁለቱ ይገኛሉ፣ አንዱ ሁልጊዜ ይጎድላል። ሰውም የተገኙትን ሁለቱን ትቶ የጎደለውን ሲቆጥር ይኖራል። ለተረትሽ የሚሆን ከሆነ ውሰጅው።

ስለ ምስክር ጠይቀሻል። መተማ ወርዷል፤ ለሰሊጥ አጨዳ።

አጎትሽ ወልደ ኪዳን


ታምፔሬ
መጋቢት 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

የኔታ፣ ደብዳቤዎን አትሜ ከትራስጌዬ አኑሬ ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አላውቅም። ጸሎትዎ ይድረሰኝ። መነጽሩን ወደ አዲስ አበባ ለሚበር ሰው ሰጥቻለሁ፤ ኢክሪማ ትቀበለዋለች። አሁን ደብዳቤዬን ራስዎ ያነቡታል፤ እቴቴ የሚዘሉት ነገር አይኖርም።

«አንዱ ሁልጊዜ ይጎድላል» ያሉት ቃል የዘውራ ሃይማኖት መሠረት ሆነ። እንዲህ አደረግሁት። በየቤቱ ደጃፍ ሦስት ድንጋይ ቆሟል። አንደኛው በሕይወት ላሉት ነው፤ ነጭ ይቀባል። ሁለተኛው ለሞቱት ነው፤ ጥቁር ይቀባል። ሦስተኛው ምንም አይቀባም። እሱ ለማይታወቁት ነው፤ ሄደው ላልተመለሱት፣ መርዶ ላልተነገረላቸው። ሰዎቹ ዳቦ ሲቆርሱ ሦስት ያደርጉትና ሦስተኛውን ፊቱን ወደ መንገድ መልሰው ያስቀምጡታል። ለመጀመሪያው ድንጋይ ይዘፍኑለታል፣ ለሁለተኛው ያለቅሱለታል። ለሦስተኛው ግን ሁለቱም አይገባም፤ ስለዚህ ስሙን ብቻ ይጠሩታል።

አለቆቼ ይህን አንብበው ሲጨርሱ አንዱ «የሦስተኛው ስም ማን ነው?» አለኝ። ስም አልነበረኝም። ብዙ ሞከርኩ፤ ሁሉም የተሠራ ስም ይመስላል። እርስዎ ከግዕዙ አንድ ስም ይስጡኝ። ማንም ሰው የማይጠራው ስም ይሁን።

ምስክር ከአጨዳ ተመለሰ? በእኛ አገር አቆጣጠር ሰሊጡ ከታጨደ ወራት አልፎታል መሰለኝ።

ማርያማዊት


ላሊበላ
ነሐሴ 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ ማርያማዊት፤

የፍልሰታ ጾም በረከት ይድረስሽ። መነጽሩ ደርሶኛል፤ ፊደሉ ሁሉ ወደ እኔ ቀረበ። ደብዳቤሽን ብቻዬን አነበብሁት። መልሴ አምስት ወር የዘገየው በመንገዱ ምክንያት ብቻ አይደለም።

ማንም የማይጠራው ስም ብለሽ ጠየቅሽኝ። አንድ አለ። ኢይኅድገነ ይባላል። «አይተወን» ማለት ነው። እንደዚሁ ጻፊው፤ በመካከሉ ያለው ኅ እንዳይቀየር። ሰዎችሽ ከደጃቸው ቆመው ሲጠሩት ስሙም ጸሎቱም እሱው ይሆንላቸዋል።

ሁለት ነገር ግን ቃል ግቢልኝ። የማን ስም እንደሆነ አትጠይቂኝ። ከማን እንዳገኘሽውም ለማንም አትናገሪ። ለማንም ስልሽ፣ ለገዛ ቤተሰቤም ጭምር ነው። ይህን ቃል የማትጠብቂ ከሆነ ወረቀቱን ቅደጅና ስሙን እርሽው።

ክረምቱ ከባድ ሆኖብናል። የአጥሩ ካብ ተንዶ ይማርሽ ብቻዋን ስትክብ ዋለች፤ እኔ ወገቤን አሞኛል። ለአንቺ ጤና ይስጥልኝ።

ወልደ ኪዳን


ታምፔሬ
ሰኔ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለየኔታ፤

ዓመት ሊሞላ ነው፣ ከእርስዎ አንዲት መስመር አላየሁም። ሦስት ደብዳቤ ልኬ ነበር። ኢክሪማ «አባቴ በእጃቸው ሰጥቻቸዋለሁ ብሏል» አለችኝ። ከደረሱዎት ዝም ማለትዎ ከፋኝ፤ ካልደረሱዎት ደግሞ መሐመድኑርን በሐሰት ልጠረጥረው ነው። የሆነው ሆኖ ቃሌን ጠብቄያለሁ።

ጨዋታው ከፋሲካ በኋላ ወጣ። የኔታ፣ ምን ልበልዎት! እስከ ትናንት ድረስ ከስምንት መቶ ሺህ በላይ ሰው ዘውራ ገብቷል። ከሁሉ በላይ የወደዱት ሦስተኛውን ድንጋይ ነው። በፊደላችን የተጻፈውን ስም ልብስ ላይ ያትሙታል፣ በሰውነታቸው የሚነቀሱትም አሉ። አንድ ነገር ሳልነግርዎት ቀርቼ ነበር፤ ይቆጡኛል ብዬ ነው። ተጫዋቹ ስሙን በጽሑፍ አይደለም የሚጠራው። ድንጋዩ ፊት ደርሶ በገዛ አንደበቱ፣ ጮክ ብሎ፣ ሦስት ጊዜ ይጠራዋል። ኮምፒውተሩ ይሰማል። ሦስተኛውን ሲጠራ ከጭጋጉ ውስጥ ኮቴ ይሰማል፤ የሚመጣውን ግን ለማንም አናሳይም።

ሌሊት ሌሊት አንዳንዴ ይከብደኛል። አሁን በዚች ሰዓት ስንት ሰው እየጠራው ይሆን እላለሁ። ሥራ ነው፣ ያልፋል።

ስለ ምስክር ጠይቄዎት መልስ ያላገኘሁት ይህ አራተኛዬ ነው።

ማርያማዊት


ላሊበላ
መስከረም 26 ቀን 2018 ዓ.ም.

ማርያማዊት፣ ልጄ፤

ሰላም ለኪ። ዛሬ በግዕዝም በአማርኛም የማሳምረው ሰላምታ የለኝም፤ በዚህ ተቀበይኝ።

ደብዳቤዎችሽ ሁሉ ደርሰውኛል። መሐመድኑርን አትጠርጥሪው። ዝም ያልሁት እኔ ነኝ።

የዛሬ አምስት ቀን፣ መስከረም 21፣ ይማርሽ ቤተ ማርያም ልትሳለም ሄደች። ከበሩ አጠገብ አንዲት ፈረንጅ ጫማዋን ለማውለቅ ጎንበስ ብላለች። አስጎብኚው ምሥጋናው አብሯት ነው። የፈረንጇ እጅጌ ተሰብስቦ ክንዷ ላይ የተነቀሰ የእኛ ፊደል ታየ። ይማርሽ አነበበችው። ኢይኅድገነ ይላል።

አሁን እውነቱን ልንገርሽ። ከምስክር በፊት ሁለት ልጆች ወልደን ሁለቱም በአራስነታቸው ሞቱብን። ሦስተኛው ሲወለድ አማቴ ቄስ ተክለ ሚካኤል፣ ነፍሱን ይማር፣ «ይህን ልጅ በውጭ በአንድ ስም፣ በቤት በሌላ ስም ጥሩት፤ የቤቱን ስም ሞት እንዳይሰማው በጆሮው ብቻ ንገሩት» አለን። የቤቱን ስም እኔ ነኝ የሰየምሁት። ከእኔ፣ ከይማርሽና ከአማቴ ሌላ ያን ስም የሚያውቅ አልነበረም፤ ከልጁ ከራሱ በቀር። ምስክር ለሰሊጥ አጨዳ የወረደው በመስከረም 2014 ነው። አብረውት የወረዱት በኅዳር ተመለሱ። «ወሰኑን ተሻግሯል» ያለ አለ፤ «ታሞ ቀርቷል» ያለ አለ፤ «አላየነውም» ያለም አለ። ይኸው አራት ዓመት። ለሕያዋን ስጸልይ ልጠራው ስል እፈራለሁ፣ ለሙታን ስጸልይ ልጠራው ስል ምላሴ እምቢ ይለኛል። አንቺ ሦስተኛውን ድንጋይ ስትጽፊልኝ ልጄን ያገኘሽው መሰለኝ። ቦታ ያላገኘ ስም ነበረኝ፤ አንቺ ቦታ ነበረሽ። ሰጠሁሽ። ይኸው ነው።

ይማርሽ የፈረንጇን ክንድ ጨብጣ «ልጄን የት አየሽው?» ብላ ጮኸች። ምሥጋናው ተረጎመላት። ፈረንጇ የተነቀሰችውን ስም የሚያነብ ሰው ስላገኘች ደስ ብሏት ሳቀች። «ሁላችንም እናውቀዋለን» አለች። ከዚያ መዳፏን ወደ ድንጋዩ ግድግዳ ዘርግታ በተሰባበረ አፍ ሦስት ጊዜ ጠራችው። «ሦስት ጊዜ የጠራው ሰው ኮቴውን ይሰማል» አለቻት። ምሥጋናው ይህንንም ተረጎመ፤ ምነው አፉ በተዘጋ!

ይማርሽ እየሮጠች መጣች። «አንቱ፣ ልጃችን አለ! ስሙን ከእሱ በቀር ማን ይነግራቸዋል? እኛ አልተናገርን፣ አባቴ መቃብር ነው። ሰምተዋል? ከነሱ አገር ደርሷል!» አለችኝ። ያን ቀን የምስክርን ጋቢ ከሣጥን አውጥታ አጥባ ካቡ ላይ አሰጣችው። ሲደርቅ እያየሁ ዝም አልሁ። እኔ ነኝ ብላት ልጁን ሁለተኛ እገድልባታለሁ። ዝም ብላት ደግሞ እሷ ምን እንደምታደርግ አላውቅም። ልብሷን መሰብሰብ ጀምራለች።

የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ስሙን ከዚያ ድንጋይ ላይ አንሺልኝ። ማንም አይጥራው። እሷም ብትደውልልሽ እኔ እስክነግራት ድረስ ምንም አትበያት።

ወልደ ኪዳን


ታምፔሬ
ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

የኔታ፤

እግዚአብሔር ይቅር ይበለን። ደብዳቤዎ ትናንት ደረሰኝ። እቴቴ ይማርሽ ግን ከዚያ በፊት፣ መስከረም 29 ቀን፣ ደውለውልኝ ነበር። ያልነውን አንድም ሳልቀንስ ልጻፍልዎት።

«ያንን ስም በጨዋታሽ የጻፍሽው አንቺ ነሽ?» አሉኝ። የመጀመሪያውን ደብዳቤዬን ለእርስዎ ያነበቡልዎት እሳቸው ስለሆኑ ሥራዬን ያውቃሉ፤ ስሙ የኮምፒውተር ጨዋታ ውስጥ እንዳለ ደግሞ ምሥጋናው ከፈረንጇ ሰምቶ ነግሯቸዋል።

«አዎ፣ እቴቴ።»

«ማን ሰጠሽ?»

ለእርስዎ የገባሁት ቃል አለ። «እቴቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እንዳልናገር ቃል ገብቻለሁ» አልኳቸው።

ቀስ ብለው፣ «እሺ የኔ ዓለም፣ ቃልሽን ጠብቂ። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ስሙን የሰጠሽ ሰው በሕይወት አለ?» አሉኝ።

እንግዳ ጥያቄ ሆነብኝ። እርስዎን እያሰብኩ ነው የመለስኩት። ግን «ደኅና ናቸው» ብል ታላቅ ሰው መሆኑ ይታወቅብኛል፣ እርስዎ መሆንዎን ይደርሱበታል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ «አለ፣ እቴቴ። ደኅና ነው» አልኳቸው። «ነው» አልኩ፣ የኔታ። እልልታቸው እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ለምን እልል እንዳሉ ያወቅሁት ትናንት ነው።

ከትናንት ጀምሮ ስደውል ስልካቸው አይነሣም። እባክዎ፣ ይህ ደብዳቤ እጅዎ እንደገባ ቁጭ ብለው ይንገሯቸው። እኔም በበኩሌ ዛሬ ከአለቆቼ ዘንድ ገብቻለሁ። «ስሙ የጨዋታው ልብ ነው፣ አይነካም» አሉኝ። ስሙን ባያነሡት ከሥራው እንደምወጣ፣ የማን ስም እንደሆነም ለጋዜጣ እንደምናገር ነገርኳቸው። አልለቃቸውም። ከምስክር ጋር ከካብ ለካብ እየዘለልኩ ያደግሁ ነኝ፤ ስሙን የዓለም መጫወቻ ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ማርያማዊት


ላሊበላ
ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለማርያማዊት፤

ደብዳቤሽ የደረሰኝ በጥቅምት መጨረሻ ነው። እንድነግራት ጻፍሽልኝ። ነገ እነግራታለሁ አልሁ። የጽጌው ማኅሌት ይለፍ አልሁ። ኅዳር 6 የቁስቋም ዕለት ከቅዳሴ ስመለስ ቤቱ ተዘግቷል፤ ቁልፉ ካቡ ውስጥ ተሸጉጧል። ጋቢው የለም፣ እሷም የለች። ጎረቤት ጠየቅሁ። «ልጄ በሄደበት መንገድ እሄዳለሁ፣ መተማ ወርጄ ያሻገሩትን ሰዎች እጠይቃለሁ ብላለች» አሉኝ።

በማግስቱ መሐመድኑር እስከ ጋሸና ወሰደኝ። ከዚያ በጭነት መኪና ላይ ሆኜ ፍላቂት ደረስሁ። ወደ ጋይንት የሚወስደው መንገድ ተዘግቶ ሚኒባሱ ሁሉ ተሰልፎ ቆሟል። ተሳፋሪው በየቤቱ ተጠግቷል። ይማርሽን ያገኘኋት ባንችይርጋ የምትባል ሴት አስጠግታት፣ ከደጇ ተቀምጣ ገብስ ስትለቅምላት ነው። ስታየኝ አልደነገጠችም። «አንቱ በዚህ ወገብዎ እንዴት መጡ?» አለችኝ።

ተቀመጥሁ። «ይማርሽ፣ ስሙን ለማርያማዊት የሰጠሁት እኔ ነኝ» አልኋት።

እጇ ገብሱ ውስጥ እንዳለ ቀረ።

«ምስክር አልነገራትም?»

«አልነገራትም። አላየችውም። ደኅና ነው ያለችሽ እኔን ነው።»

«ለምን ሰጠሃት?» አለችኝ። ማርያማዊት፣ ሠላሳ አራት ዓመት ስንኖር አንቱ ብላኝ እንጂ አንተ ብላኝ አታውቅም።

«ስም ጠየቀችኝ። ማንም የማይጠራው ስም ብላ ነው የጠየቀችኝ።»

«ማን ነው የማይጠራው?» አለች። ድምፅዋን አላነሣችም። «እኔ እጠራው የለ? አንተ ማለዳ ኪዳን ልታደርስ ስትወጣ እኔ ከደጅ ቆሜ እጠራዋለሁ። ጆሮው ያለበትን ስለማላውቅ ወደ አራቱም ማዕዘን እየዞርሁ እጠራዋለሁ። አራት ዓመት አንድ ቀን አላጎደልሁም። አንድ ቀን እንኳ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

ቅኔ አስተማሪ ነኝ፤ ስንት ተማሪ አፍ አስይዣለሁ። ከባንችይርጋ ደጅ አፌን ይዤ ተቀመጥሁ። ይማርሽ ገብሱን ጨረሰች፤ ሰፌዱን አራግፋ ለባንችይርጋ መለሰች። ከዚያ ተመልሳ መጣችና አጠገቤ ቆመች።

«የሚጠሩት ስንት ሰዎች ናቸው?»

«ከስምንት መቶ ሺህ በላይ ብላ ጽፋልኛለች።»

«ሦስት ሦስት ጊዜ?»

«ሦስት ሦስት ጊዜ።»

ፊቷ ላይ ያየሁትን ልጽፍልሽ አልችልም። ሐዘን ቢሆን አውቀው ነበር። «የእኔ ድምፅ አነሰው እንጂ» አለች። «እኔ አንዲት ሴት ነኝ፤ ከላስታ ጠርቼ ምን ይሰማል? እነሱ በየአገሩ ናቸው። አንዱ ልጄ ባለበት ከተማ ይጠራዋል። ሲሰማ ማን ነው የጠራኝ ብሎ ይወጣል። ይጥሩት። እንዳያቋርጡ ንገራት።»

«ይማርሽ፣ ጨዋታ ነው እኮ። ተረት ነው» አልኋት።

«ስሙ ተረት ነው?» አለችኝ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ መንገዱ ተከፈተ። አብሬሽ ልሂድ አልኋት። «አንተ ተመለስ። ቢመጣ ቤቱ ተዘግቶ እንዳያገኘው» አለችኝና ተሳፈረች። ጋቢውን ጭኗ ላይ አድርጋለች። ሾፌሩን ከደብረ ታቦር ወዲያ መንገዱ እንዴት ነው ብዬ ጠየቅሁት። «አባቴ፣ እኔ እስከ ጋይንት ነው የማውቀው» አለኝ። ከጋይንት አንድ ጊዜ በሰው ስልክ ደወለች። «ጎንደር የሚሄድ መኪና አግኝቻለሁ፤ ከሰዎቹ ጋር ነኝ» አለች። የምን ሰዎች ስላት ተቋረጠ። ዛሬ አራተኛ ቀኔ ነው፤ የደወለችበት ስልክ አይሠራም።

ልጄ፣ ስሙን አንሺልኝ ብዬሽ ነበር። መምህር ሆኜ ይህን በመጻፌ አምላክ ይቅር ይበለኝ። አታንሺው። አንሥተሽው ከሆነ መልሺው። ምን እንደማምን አላውቅም። የማውቀው እሷ በዚያ መንገድ ላይ የምትሄደው የሚጠሩት አሉ ብላ መሆኑን ነው። እኔም ከትናንት ጀምሮ ማለዳ ከደጅ ወጥቼ ቆሜያለሁ። እስካሁን ድምፅ አልወጣልኝም።

መሐመድኑር ነገ ይነሣል ብሎኛል፤ መንገዱ ከፈቀደ።

ወልደ ኪዳን


ታምፔሬ
ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለየኔታ፣ እንዲሁም ለእቴቴ ይማርሽ፤

ይህ ደብዳቤ ሁለታችሁን ባንድ ምድጃ ዙሪያ ተቀምጣችሁ እንዲያገኛችሁ እየለመንኩ ነው የምጽፈው። ከመስከረም 26 ወዲህ ከእርስዎ ምንም አልደረሰኝም፤ መንገዱ ተዘግቶ ይሆናል ብዬ እጽናናለሁ። እስካሁን ነግረዋቸው፣ አልቅሳችሁ፣ ይቅር ተባብላችሁ ይሆናል። እኔንም ይቅር እንዲሉኝ እለምናቸዋለሁ።

አንድ የምሥራች አለኝ። አምስት ሳምንት ሙሉ ተሟገትኳቸው። ሁለት ጊዜ ሥራዬን ለቅቄ ወጥቼ ሁለት ጊዜ መለሱኝ። በመጨረሻ የእናትየውን ነገር ቁጭ ብዬ ስነግራቸው፣ ያ «አይነካም» ያለኝ ሰውዬ ተነሥቶ መስኮት ዳር ቆመ። «እኔም እናት አለችኝ» አለ። ትናንት ማታ ጨዋታው ታደሰ። ስሙ ከድንጋዩ ላይ፣ ከመጻሕፍቱ፣ ከመዝሙሩ ሁሉ ጠፋ። በድሮው የሚጫወት እንዳይኖር ያንንም ዘግተውታል። ተጫዋቾቹ ተቆጥተዋል፤ ይቆጡ።

ዛሬ ጠዋት ራሴ ገብቼ ሞከርኩት። ሦስተኛው ድንጋይ ፊት ቆሜ ስሙን ጠራሁ፣ ደገምኩ፣ ሠለስኩ። ኮምፒውተሩ አያውቀውም። ኮቴም የለም፤ ጭጋጉም አይንቀሳቀስም። ጸጥ ብሏል።

ለእቴቴ ይህን ያንብቡላቸው፤ እንዳይዘሉት። ከዛሬ ጀምሮ ልጃቸውን በስሙ የሚጠራ ባዕድ በዓለም ላይ አንድም የለም። ዕረፉ።

ልጃችሁ ማርያማዊት